ባሕር ዳር ውስጥ የዋይፋይ ደኅንነት ያስተካከሉልን ባለሙያዎች፦ ሥራቸው ጥሩ፣ ርክክባቸው ጎዶሎ

አክስቴ በሽምብጥ በኩል፣ ከጣና ዳርቻ የአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ርቀት ላይ፣ አሥራ አንድ ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ሂሳባቸውን የምይዘውም፣ ኮምፒውተር ወይም ካሜራ ሲበላሽ የምጠራውም እኔ በመሆኔ፣ ባለፈው ክረምት የቤቱን የዋይፋይ ደኅንነት እንዲያስተካክል አንድ አነስተኛ የኔትወርክ ዝርጋታ ድርጅት አፈላልጌ አሠራሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የዚያን ሥራ ግምገማ ነው። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ሆኖም በከተማው ተመሳሳይ አገልግሎት የሚፈልግ የካፌ፣ የፔንሲዮን ወይም የክሊኒክ ባለቤት ከባለሙያ ምን መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ሊያገኝ ይችላል።

ከሥራው በፊት የነበረው ሁኔታ በየካፌው የምናየው ነው። በሪሴፕሽኑ ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፎ የኔትወርኩ ስምና ፓስወርዱ ተጽፎበት ነበር፤ ፓስወርዱም የአክስቴ የሞባይል ቁጥር ነበር። ወረቀቱ ሦስት ዓመት ያህል ሳይነሳ ስለቆየ አንድ ሌሊት ያደረ እንግዳም፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛም፣ ከአጥሩ ውጭ ተሳፋሪ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮችም ያውቁት ነበር። እስከዚያ ድረስ ያማረረን ኢንተርኔቱ ማታ ማታ መንቀርፈፉ ብቻ ነው። ነገሩ የገባን አንድ ምሽት የሪሴፕሽኑ ፕሪንተር ማንም ሳያዘው እየተንገጫገጨ የአውሮፕላን ትኬት ሲያወጣ ነው። አንድ እንግዳ ከክፍሉ ሆኖ በስልኩ ላይ ብቅ ያለለትን ፕሪንተር ነክቶ ኖሯል፤ ወርዶም ወረቀቱን አመስግኖ ወሰደ። ሰውዬው ምንም ክፋት አላሰበም። እኔ ግን ፕሪንተሩን ያየ ስልክ የእንግዶች ፓስፖርት ቅጂ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተርና የካሜራውን መቅጃም እንደሚያይ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ከጠራኋቸው ድርጅቶች ሁለቱ ገና ቤቱን ሳያዩ የዕቃ ዋጋ ነገሩኝ። ሦስተኛው ቴክኒሺያን ልኮ ቤቱን አስመረመረ፤ የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ወጣቱ ቴክኒሺያን ገብቶ መጀመሪያ ያነበበው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነበር። «እማማ፣ ይኼ የእርስዎ ስልክ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴም «አዎ ልጄ፣ እንዳልረሳው ብዬ ነው» አሉት። አልሳቀባቸውም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የስልክ ቁጥር ለምን ፓስወርድ መሆን እንደሌለበት በእርጋታ አስረዳቸው።

ያስረዳበትን መንገድ ልድገመው፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ከማያቸው የዋይፋይ ፓስወርዶች ብዙዎቹ የስልክ ቁጥር ናቸው። ደብሊው ፒ ኤ 2 በተባለው የጥበቃ ዓይነት አንድ ስልክ ከአክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን በአየር ከሚያሰራጨው መሣሪያ) ጋር ሲገናኝ ሁለቱ አጭር የመልእክት ልውውጥ ያደርጋሉ፤ በአቅራቢያው ላፕቶፕ የያዘ ማንኛውም ሰው ያንን ልውውጥ ቀድቶ ቤቱ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግምቱን የሚሞክረው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የእኛ ራውተር ምንም አያይም፣ ምንም አይከለክልም። የሞባይል ቁጥራችን አሥር አኃዝ ቢሆንም በ09 ወይም በ07 እንደሚጀምር ስለሚታወቅ ለመገመት የሚቀሩት ስምንት አኃዞች ናቸው፤ ይህም በአንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን፣ በሁለቱ 200 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ቁጥሩ ለሰው ጆሮ ብዙ ይመስላል። አንድ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ግን በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግምቶችን ስለሚሞክር ሁሉንም ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። በዚያ ላይ የአክስቴ ቁጥር በማረፊያው ቢዝነስ ካርድ ላይ ታትሟል፤ መገመት እንኳን አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ የነበረንን አሮጌ ራውተር ከፍቶ አሳየን። ሁለት ነገር አገኘ፦ አንደኛው፣ የመግቢያው የአድሚን ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነበር፤ ሁለተኛው፣ ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለው፣ በስምንት አኃዝ ፒን መሣሪያ የሚያገናኘው ነገር ክፍት ነበር። የዚህ ፒን ድክመት ከእ.ኤ.አ. 2011 መጨረሻ ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው፤ ራውተሩ ፒኑን በሁለት ግማሽ ከፍሎ ስለሚያረጋግጥና የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ ስለሚገኝ፣ 100 ሚሊዮን መሆን የነበረበት ሙከራ ወደ 11,000 ይወርዳል። ፓስወርዳችንን የፈለግነውን ያህል ብናረዝመው ይህ የጓሮ በር ክፍት እስካለ ድረስ ዋጋ አልነበረውም።

አዲሱ ሥራ አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። የተገጠሙት ሁለት የማይክሮቲክ ሲኤፒ ኤኤክስ አክሰስ ፖይንቶች ናቸው፤ በጣሪያ ላይ ይለጠፋሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ ስለሆነ ለየብቻ ሶኬት አይፈልጉም፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ሁሉንም የሚቆጣጠረው የዚያው ኩባንያ ራውተር ነው። ስለ ሽፋኑ አላወራም፤ የቤቱ የድሮ ክፍል በጥቁር ድንጋይ የተገነባ በመሆኑ ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል አሁንም ደካማ ሲግናል ነው የሚደርሳት፣ ይህንንም አስቀድመው ነግረውን ነበር።

የሥራው ፍሬ ነገር አንዱን ኔትወርክ ሦስት ማድረጋቸው ነው። አንዱ ለእንግዶች፣ አንዱ ለሠራተኞች፣ አንዱ ለፕሪንተር፣ ለቴሌቪዥንና ለካሜራ መቅጃ ሆነ። ሦስቱም ከአንድ አክሰስ ፖይንት ቢወጡም ራውተሩ ላይ ሲደርሱ ቪላን በሚባለው፣ አንዱን ኔትወርክ እንደተለያዩ ኔትወርኮች በሚከፍል ዘዴ ተለያይተው ነው፤ ከእንግዳው ወደ ሌሎቹ የሚሄድ መንገድ የለም። በእንግዶቹ ኔትወርክ ውስጥም አንዱ ስልክ ሌላውን እንዳያይ ተከልክሏል። ይህን በቃላቸው አልተቀበልኩም። የእኔንና የእህቴን ስልክ በእንግዳው ኔትወርክ ላይ አገናኝቼ አንዱ ሌላውን በፒንግ (መልስ በሚጠይቅ አጭር የሙከራ መልእክት) እንዲጠራ አደረግሁ፤ መልስ አልመጣም። ፕሪንተሩንም ፈለግሁት፤ የለም። የራውተሩን የመግቢያ ገጽም ከእንግዳው በኩል ሞከርኩ፤ አልከፈተም። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ ኩባንያ ራውተሮች የማስተዳደሪያ በር ላይ የተገኘ ክፍተት የአድሚን ስምና ፓስወርድ ያጋልጥ ነበር፣ ኩባንያው በፍጥነት ማስተካከያ ቢያወጣም ያላደሱና በሩን ለሁሉም ክፍት የተዉ ሰዎች ብዙ ተጎድተዋል። ቴክኒሺያኑ መሣሪያዎቹን ሲያወጣቸው ሶፍትዌራቸውን ያደሰው ከሁሉም በፊት ነው፤ ማስተዳደሪያውንም ከሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ብቻ እንዲከፈት አድርጎታል።

በሠራተኞቹ ኔትወርክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከከፈልነው ገንዘብ የሚበልጥ ሥራ የተሠራው እዚህ ላይ ነውና። በዚህ ኔትወርክ የጋራ ፓስወርድ የለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መለያ ስምና የራሱ ፓስወርድ አለው፤ ስልኩ ለመግባት ሲጠይቅ አክሰስ ፖይንቱ ራሱ አይወስንም፣ ጥያቄውን ራዲየስ ለሚባል አገልግሎት ያስተላልፋል፣ ያ አገልግሎትም መዝገቡን አይቶ «ይግባ» ወይም «አይግባ» ይላል። ዘዴው 802.1ኤክስ ይባላል፤ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ነው። እኔ ለዚህ የተለየ ሰርቨር ኮምፒውተር መግዛት የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር፤ በማይክሮቲክ ግን ዩዘር ማናጀር የሚባለውን ጥቅል በራውተሩ ላይ በመጫን ብቻ ለስድስት ሠራተኞች የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙን ለማየት ብዙ አልጠበቅንም። በኅዳር ወር አንዲት የሪሴፕሽን ሠራተኛ ሌላ ሥራ አግኝታ ስትለቅ የእሷን መለያ አንድ መስመር ሰረዝን፤ የሌላ ሰው ስልክ አልተነካም። በድሮው አሠራር ፓስወርድ ቀይረን ቤቱን ሙሉ ማዳረስ ነበረብን፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አንቀይረውም ነበር።

ይሁንና የመጀመሪያው ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሳል። ይህ ዘዴ የሚጠብቀው ስልኩ የሚያነጋግረው እውነተኛውን የራዲየስ ሰርቨር መሆኑን በሰርቲፊኬት (የሰርቨሩን ማንነት በሚያስረዳ ዲጂታል መታወቂያ) ሲያረጋግጥ ነው። ሳያረጋግጥ ከተገናኘ፣ አንድ ሰው በአጥር ውጭ ሆኖ በእኛው ስም የሐሰት አክሰስ ፖይንት ቢያቆም የሠራተኛው ስልክ ለዚያ መለያውን ያቀርባል፤ በዚህ መንገድ የሚተላለፈው የፓስወርድ ማረጋገጫ ሊሰበር እንደሚችል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በግልጽ ታይቷል። ቴክኒሺያኑ በመጀመሪያው ቀን በአራት ስልኮች ላይ ሰርቲፊኬቱን ጭኖ፣ ሰዓቱ ሲመሽበት በሁለቱ አሮጌ ስልኮች ላይ «ሰርቲፊኬት አታረጋግጥ» የሚለውን መርጦ ሄደ። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ይህን አማራጭ ስላነሱት ነው እንጂ በስድስቱም ላይ እንዲሁ ያደርግ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ስደውልለት አልተከራከረም፤ በማግስቱ መጥቶ አስተካከለው። ግን ባልጠይቅስ?

ወደ እንግዶቹ ልመለስ። ለእነሱ ደብሊው ፒ ኤ 2 እና ደብሊው ፒ ኤ 3 በአንድ ላይ እንዲሠሩ ተደርጓል። ደብሊው ፒ ኤ 3 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን ከላይ የተናገርኩትን የቀድቶ መሄድ ችግር ይፈታል፤ እያንዳንዱ ግምት ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር በቀጥታ መሞከር ስላለበት ሌባው ቤቱ ቁጭ ብሎ መገመት አይችልም። ሌላው ቀርቶ ፓስወርዱን የሚያውቅ እንግዳ እንኳን የሌላውን እንግዳ ልውውጥ ቀድቶ ሊፈታ አይችልም፤ በደብሊው ፒ ኤ 2 ግን ይቻላል። እኔ ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ ይሁን ብዬ ነበር። ቴክኒሺያኑ የእንግዳ ማረፊያ የሰውን ስልክ መምረጥ አይችልም ብሎ ተከራከረኝ፣ ትክክልም ነበር፤ በጥምቀት ሰሞን ከገጠር የመጡ ዘመዶቻችን ከያዟቸው ስልኮች ግማሾቹ አዲሱን አያውቁትም ነበር። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ በአሮጌው በኩል የሚመጣው ሙከራ እንዳለ መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ ስለዚህ የፓስወርዱ ጥንካሬ አሁንም ያስፈልጋል።

ፓስወርዱ አሁን እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው የተገጣጠሙበት ነው። በግዕዝ ፊደል ለምን አይሆንም ብዬ ጠይቄ ነበር፤ የደብሊው ፒ ኤ 2 የይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 ሆሄ፣ ያውም በመደበኛው የላቲን ኪቦርድ ምልክቶች ብቻ የሚቀበል ነው። ስለዚህ አክስቴ ቃላቱን ሲመርጡ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ፦ ጠብቆ ወይም ላልቶ የሚነበብ ቃል፣ «ጸ» ወይም «ጠ» ያለበት ቃል አይገባም፤ እንግዳው በአንድ ፊደል ይጻፈው በሁለት ስለማይታወቅ ቀኑን ሙሉ ሪሴፕሽን ላይ ሲጠይቅ ይውላል። ጣናን የመሰለ ቃል ከደጃችን እያለ የተውነውም ለዚህ ነው፤ በዚያ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ መጀመሪያ የሚገመት ቃል እሱ ነው። የኔትወርኩንም ስም ቀይረውታል። የቁልፉ ስሌት ውስጥ ስሙ ስለሚገባ፣ ከፋብሪካ የመጡና በየቦታው የሚደጋገሙ ስሞች አስቀድሞ ለተሠሩ የግምት ሰንጠረዦች ይጋለጣሉ።

ከዚህ ሌላ እንግዳው ሲገናኝ ኩፖን የሚጠይቅ ገጽ ይመጣለታል። ኩፖኑ የሚጠቅመው እንግዳው ሲወጣ ኢንተርኔቱ እንዲቋረጥበት ነው፤ ከአጥር ውጭ ያሉትን የባጃጅ ሾፌሮች ያሰናበታቸውም እሱ ነው። (አንዱ ሾፌር «ምነው አክስትህ ጨከኑ?» ብሎኛል።) በከተማው ብዙ ቦታ ግን ይህን ገጽ ብቻ አድርገው ኔትወርኩን ያለ ምንም ፓስወርድ ክፍት ሲተዉት አያለሁ፤ ገጹ ማን እንደገባ ይመዘግባል እንጂ በአየር ላይ የሚሄደውን አይመሰጥርም። የእኛ ሁለቱንም አለው። በኩፖኑ ላይ የገጠመን ችግር የሚያስቅ ነው፦ የማብቂያ ሰዓቱ «12:00» ተብሎ ታትሞ ወጣ። የሪሴፕሽኑ ልጅ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው ብሎ ለእንግዶቹ ነገረ፣ ራውተሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ዘጋው። ሁለት ቀን ሙሉ ከምሳ ሰዓት በኋላ «ዋይፋያችሁ ሞተ» እየተባልን ቆየን። አሁን ኩፖኑ ሰዓት መጻፉን ትቶ «24 ሰዓት ያገለግላል» ይላል።

ያልሠሩትንም ማመስገን አለብኝ። እኔ የኔትወርኩ ስም ይደበቅ፣ የተፈቀደላቸው ስልኮች ማክ አድራሻም (መሣሪያው በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት መለያ ቁጥር) እየተመዘገበ ይግባ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ከዚህ በፊት የሰማሁት እንደዚያ ነበር። ሁለቱንም አልሠራም አሉኝ፤ ለሥራውም ተጨማሪ ማስከፈል እየቻሉ። የተደበቀ ስም ማንኛውም የተፈቀደለት ስልክ ሲገናኝ በአየር ላይ ይሰማል፤ የማክ አድራሻ ደግሞ በቀላሉ ይቀዳል፣ የዛሬ ስልኮችም ለየኔትወርኩ የዘፈቀደ አድራሻ ስለሚያወጡ ምዝገባው ሐቀኛውን እንግዳ ከማስቸገር በቀር ፋይዳ የለውም።

ትልቁ ቅሬታዬ ርክክቡ ነው። ሥራው አልቆ ሂሳብ ተከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብለን፣ ሻይ ተጠጥቶ ከተሸኙ በኋላ የአድሚኑ ፓስወርድ እጃችን ላይ እንደሌለ ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ ሠራተኛ ልመዘግብ ስል መግባት አልቻልኩም። ደወልኩ፤ «ችግር የለም፣ እኛ ከዚህ ሆነን እንሠራልሃለን» አሉኝ። ማለትም ወደ ራውተራችን ከውጭ የሚገቡበት መንገድ ትተው ሄደዋል፣ እኛ ሳናውቅ። መንገዱ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚያልፍ የተመሰጠረ መስመር፣ የተጠበቀ እንጂ ለዓለም ክፍት አልነበረም፤ ክፉ ሐሳብ ነበራቸውም አልልም፣ ደንበኛ ለማገዝ ያደረጉት ነው። አክስቴ ግን ነገሩን ከእኔ ባጭሩ ገለጹት፦ «ቁልፍ ሠሪ በሬን ሠርቶ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ በለኛ!» ራሳቸው ደውለው «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፣ ሥራህን ወድጄዋለሁ፤ የቤቴን ቁልፍ ግን ይዘህልኝ ና» አሉት። በማግስቱ መጣ።

ያኔ የተቀበልነውን እዚህ ልዘርዝረው፤ ማንም የሚያሠራ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መያዝ ያለበት ይህን ነው። የራውተሩና የሁለቱ አክሰስ ፖይንቶች የአድሚን ስምና ፓስወርድ፣ በአክስቴ ፊት ተቀይሮ፣ በፖስታ ታሽጎ ከቤቱ ካርታ ጋር ካዝና ውስጥ ገብቷል። የሙሉው ኮንፊገሬሽን (የመሣሪያዎቹ ቅንብር) ባክአፕ በፍላሽ ተሰጥቶናል፤ መብራት በሚመላለስበት ከተማ መሣሪያ ቢቃጠል በሌላ ተተክቶ ሥራው ከዜሮ እንዳይጀመር። የሰርቲፊኬቱ ማብቂያ ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ያ ቀን ሲያልፍ የሠራተኞቹ ስልኮች በሙሉ በአንድ ጠዋት ይወጣሉና። ከውጭ የሚገቡበትም መንገድ ተዘግቷል፤ ሲያስፈልግ እኔ ከፍቼላቸው፣ ሲጨርሱ እዘጋዋለሁ።

ለቴክኒካል ሥራው ከአምስት አራት ተኩል፣ ለርክክቡ ሁለት እሰጣለሁ። በሐይቁ በኩል ያለው የአትክልት ቦታ ገና አክሰስ ፖይንት ስላልተገጠመለት ከፋሲካ በፊት እነሱኑ ልንጠራቸው ተስማምተናል፤ የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ስለ ፓስወርድ ርክክብ ነው፣ ያረቀቁትም አክስቴ ራሳቸው ናቸው።